«ሪሚሽን ላይ ነሽ» አሉኝ፤ ዳንኩ ማለት ነው?

ጤና ይስጥልኝ። ዓምድዎን ሁልጊዜ አነባለሁ፤ እኔም አንድ ቀን እጽፋለሁ ብዬ ግን አስቤ አላውቅም። የ36 ዓመት ሴት ነኝ፤ ባለትዳርና የአንዲት የ9 ዓመት ልጅ እናት። ከዓመት ከመንፈቅ በፊት ኤ ኤል ኤል የሚባለው አጣዳፊ የደም ካንሰር ተገኘብኝ። የመጀመሪያው ዙር ኬሞ እንዳለቀ ከመቅኔዬ ናሙና ወስደው አዩና ሐኪሜ «ሙሉ ሪሚሽን ላይ ነሽ» አለኝ። ፊቱ ላይ ደስታ ስላየሁ እኔም ደስ አለኝ። ምን ማለት እንደሆነ አልጠየቅኩም። ስወጣ ባለቤቴ በሩ ላይ ቆሞ «ምን አለሽ?» ሲለኝ አፌ ላይ የመጣው «ዳንኩ» የሚለው ነው። እሱም እዚያው ስልኩን አውጥቶ ለእናቴም ለእህቶቼም «ዳነች!» ብሎ ደወለ።

ሕክምናው ግን አላበቃም። ከዚያ በኋላ ብዙ ወር ከባድ ኬሞ ወሰድኩ። አሁን ደግሞ በየማታው ክኒን፣ በሳምንት አንዴ ሌላ ክኒን፣ በየወሩ ቀጠሮ ነው፤ ገና አንድ ዓመት ገደማ ይቀረኛል። ፀጉሬ በቅሏል። ሥራም ግማሽ ቀን ጀምሬአለሁ። ሰው «እንኳን እግዜር ማረሽ» ሲለኝ አሜን እላለሁ፤ ውስጤ ግን የዋሸሁ ያህል ይሰማኛል። ምርመራ ሲደርስ ሳምንቱን ሙሉ እንቅልፍ የለኝም። እናቴን «ተመልሶ ቢመጣስ?» ብላት «አታሟርቺ!» ብላ ተቆጣችኝ። ባለቤቴ ክኒኑ ሆዴን ሲበጠብጠኝ እያየ «ከዳንሽ ለምን ትመረዣለሽ?» ይለኛል። እውነቱን ልንገርዎትና ባለፉት ሁለት ወራት በሳምንት አንድ ሁለት ማታ ክኒኑን ዘልዬአለሁ። ለሐኪሜ አልነገርኩትም።

በቀደም ልጄን ላስተኛት ስል «እማዬ፣ ያ በሽታ ተመልሶ ይመጣል?» አለችኝ። «አይመጣም» ልላት አልኩና አልወጣ አለኝ። «ተኚ» አልኳት። ዳንኩ ወይስ አልዳንኩም? ልጄንስ ምን ልበላት?

መልስ የጠፋኝ እናት

—

እህቴ፣ ደብዳቤሽን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። ሁለቱንም ጊዜ «ተኚ አልኳት» የምትለው ቦታ ላይ ስደርስ ቆም አልኩ። ልጅሽን መዋሸት አቅቶሽ፣ እውነቱንም መንገር አቅቶሽ፣ በጨለማው ውስጥ መሐል ላይ መቅረትሽ ታየኝ። ወደ ልጅሽ እንመለሳለን። ስለ ቃሉም እናወራለን። ከሁሉ በፊት ግን አንድ የማያድር ነገር አለ፤ እሱም ክኒኑ ነው።

አልቆጣሽም። ወር ከወር፣ ዓመት ከዓመት የሚዋጥ መድኃኒት መዝለል አንቺ የጀመርሽው ነገር አይደለም፣ ሐኪሞችም ያውቁታል። ግን ይህን ማወቅ አለብሽ። ያንቺው ዓይነት በሽታ ያለባቸው፣ በየቀኑ የሚዋጠውን መርካፕቶፑሪን የሚባለውን መድኃኒት የሚወስዱ ልጆች ላይ ክትትል ተደርጎ ነበር። ከታዘዘላቸው መቶ ክኒን ከ95 በታች የወሰዱት ላይ በሽታው ከሌሎቹ ጎላ ባለ መጠን አገርሽቷል። ሒሳቡን አስቢው፣ በወር ሁለት ማታ መዝለል ብቻ ከዚያ መስመር በታች ያወርዳል። አንቺ ልጅ አይደለሽም፣ ጥናቱም በልጆች ላይ ነው፤ ነገር ግን የዚህ ዙር ሕክምና ሐሳብ ለአዋቂም ያው ነው፣ ትንሽ ትንሽ ሳይቋረጥ መውሰድ። ሌላም አለ። ሐኪምሽ በየወሩ ደምሽን የሚያየው የመድኃኒቱን መጠን ለመወሰን ጭምር ነው። መዝለልሽን ካላወቀ ቁጥሩን በተሳሳተ መንገድ ያነበዋል፣ «መጠኑ አንሷት ይሆናል» ብሎ ሊጨምርብሽም ይችላል።

ስለዚህ የሚቀጥለውን ቀጠሮ አትጠብቂ። ሐኪሙን ማግኘት ከከበደሽ ነርሷን አግኚያት። «ባለፉት ሁለት ወራት በሳምንት አንድ ሁለት ማታ ሳልውጥ ቀርቻለሁ፣ ሆዴን ይበጠብጠኛል» ብለሽ ልክ ለእኔ እንደጻፍሽው ንገሪያት። ያመለጠሽን ለማካካስ ብለሽ ግን ደርበሽ አትዋጪ። የሆድሽም ነገር ቢሆን መላ የሌለው አይደለም፤ የሚዋጥበትን ሰዓት ማስተካከል፣ ለማቅለሽለሹ ሌላ መድኃኒት መጨመር፣ ጉበትሽን ማየት ይችላሉ። ዝም ካልሽ ግን ምንም ሊያደርጉልሽ አይችሉም።

አሁን አንድ ነገር ልጠይቅሽ። በእነዚያ ማታዎች ክኒኑን የተውሽው ሆድሽን ፈርተሽ ብቻ ነው? ወይስ ክኒኑን ባየሽው ቁጥር «አልዳንሽም» የሚልሽ እየመሰለሽ ነው? የምጠይቅሽ ከደብዳቤሽ ውስጥ ሁለተኛው ስለሚሰማኝ ነው። «ዳንኩ» ብለሽ ለሰው ሁሉ ተናግረሻል፣ ክኒኑ ደግሞ በየማታው ያንን ቃል ያፈርስብሻል። ቃሉ ልክ ከሆነ ክኒኑ ትርፍ ነው፣ ክኒኑ ልክ ከሆነ ቃሉ ውሸት ነው። ባለቤትሽም የገባበት ጭንቅ ይኸው ይመስለኛል።

እኔ ግን ጥፋቱ ያንቺም የእሱም አይመስለኝም። ሐኪሙ የሰጠሽ ቃል በቋንቋችን ማረፊያ ያጣ ቃል ነው። እስቲ ያሉንን ቃላት እንያቸው። «ዳነ» ስንል ነገሩ አልቋል፣ ተዘግቷል ማለታችን ነው። «ተሻለው» የሚባለው ሰውየው ራሱ የሚሰማው ነው። «አገገመ» ስንል ጉልበቱ ተመለሰ፣ መብላት መራመድ ጀመረ ማለት ነው። ሪሚሽን ከሦስቱም አይገጥምም፤ አንቺ ስለሚሰማሽ ሳይሆን ምርመራው ስለሚያየው የሚናገር ቃል ነውና። የኬሞ ድካም አልጋ ላይ ጥሎት ሙሉ ሪሚሽን ላይ ያለ ሰው አለ። ደህና ነኝ እያለ እየሮጠ ሪሚሽን ላይ ያልሆነም አለ። የሚገርመው ለመመለሱ ቁርጥ ያለ ቃል አለን፤ አገረሸበት፣ ግርሻ። ለዚያ ለመሐሉ ጊዜ ነው ስም ያጣነው፤ አንቺ አሁን ለምትኖሪበት።

እኔ የሚቀርብልኝ «ጋብ አለ» የሚለው ነው። ዝናብ ጋብ ሲል እንወጣለን፣ ጉዳያችንን እንፈጽማለን፣ ልጆች ይጫወታሉ። ዝናቡ ዳግም አይዘንብም ብሎ የማለ ሰው ግን የለም። ቃሉ ራሱ ከላቲን የመጣ ነው፤ መልቀቅ፣ ማላላት እንደማለት ነው። የያዘሽ ነገር ለቀቀሽ። የጎደለው ነገር ቢኖር አንድ ነው፤ ዝናብ በራሱ ጊዜ ጋብ ይላል፣ ያንቺ በሽታ ግን ጋብ ያለው አንቺና ሐኪሞችሽ ታግላችሁ ነው፣ ጋብ እንዳለ የሚቆየውም በዚያው ትግል ነው።

ካንሰር ላይ ብቻ እንዳይመስልሽ። የመገጣጠሚያ ቁጣም፣ ሉፐስ የሚባለው የሰውነት መከላከያ የገዛ አካልን የሚያጠቃበት በሽታም፣ ድብርትም ሪሚሽን ይባልላቸዋል። ዓይነት ሁለት ስኳር ሳይቀር፣ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ2021 ባለሙያዎች ተሰብስበው ሰውየው የስኳር መድኃኒት ካቆመ ቢያንስ ሦስት ወር ቆይቶ የሦስት ወሩ አማካይ የስኳር ልኬቱ ከ6.5 ፐርሰንት በታች ከሆነ «ሪሚሽን» እንበለው ብለው ተስማምተዋል። «ተፈወሰ» አላሉም፤ ክትትሉ እንዳይቀር አስበው ነው።

ወደ አንቺ ልመለስ። «ሙሉ» ያሉሽ ነገር ምን ነበር? ባንቺ በሽታ ሙሉ ሪሚሽን የሚባለው በመቅኔ ናሙናው ውስጥ ያልበሰሉት መጥፎ ሕዋሳት ከመቶ ከአምስት በታች ሲወርዱና ጤነኛው ደም ማምረት ሲጀምር ነው። ከአምስት በታች ነው እንግዲህ፣ ዜሮ አይደለም። ይህ በሽታ በሚገኝበት ጊዜ ሰውነት ውስጥ ያሉት የካንሰር ሕዋሳት አንድ ትሪሊዮን ገደማ ሊደርሱ ይችላሉ ይባላል። ከመቶ ዘጠና ዘጠኙ ቢሞቱ እንኳ የሚቀረው አስር ቢሊዮን ነው፣ በማይክሮስኮፕ የሚያየው ሰው ግን ንጹሕ መቅኔ ነው የሚያየው። የሐኪምሽ ደስታ እውነተኛ ነበር፤ ያ ውጤት ባይመጣ ኖሮ ወሬያችን ሌላ ይሆን ነበር። በሽታው በመጀመሪያው ዙር እጅ መስጠቱ ትልቅ ነገር ነው። ሥራው ግን በዚያ አያልቅም፤ ከዚያ በኋላ የወሰድሽው ከባድ ኬሞም፣ አሁን የምትውጪው ክኒንም ዓይን የማያየውን ለማሳደድ ነው።

ይህን የሰው ልጅ የተማረው በመራራ መንገድ ነው። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1947 መገባደጃ ቦስተን ውስጥ ሲድኒ ፋርበር የሚባል ሐኪም አሚኖፕቴሪን የሚባል መድኃኒት በደም ካንሰር ለሚሞቱ ሕፃናት መስጠት ጀመረ። ያኔ ለእነዚያ ልጆች የሚሰጥ ነገር አልነበረም፣ በሳምንታትና በወራት ውስጥ ያልቁ ነበር። በ1948 ባወጣው ጽሑፍ ከ16 ልጆች 10ሩ ላይ መሻሻል እንዳየ ጻፈ። አልጋ ላይ የነበሩ ልጆች ተነሥተው ተራመዱ። ግን የጽሑፉ ርዕስ ላይ ሪሚሽን ከሚለው ቃል ፊት «ጊዜያዊ» የሚል ቃል ነበረ፤ ከወራት በኋላ በሽታው ተመለሰ፣ ልጆቹም አለፉ። እነዚያ እናቶች ያን ጊዜ ምን ተሰምቷቸው ይሆን እያልኩ ብዙ ጊዜ አስባለሁ። ከ1962 ጀምሮ ደግሞ ዶናልድ ፒንክል የሚባል ሐኪምና ባልደረቦቹ ሜምፊስ ከተማ ውስጥ ሌላ መንገድ ያዙ። ብዙ መድኃኒት አንድ ላይ፣ በሽታው የሚደበቅበትን አንጎልና የጀርባ አጥንት ፈሳሽ ማከም፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ ልጁ ደህና መስሎ እየሮጠ እያለ ሕክምናውን ለሁለትና ለሦስት ዓመት አለማቋረጥ። በ1970ዎቹ መጀመሪያ ግማሽ ያህሉ ልጆች መዳን ጀመሩ። ዛሬ ሕክምናው በደንብ በሚገኝባቸው አገሮች ከአስር ልጆች ዘጠኙ ገደማ ይድናሉ። ያንን «ጊዜያዊ» የሚል ቃል ከሪሚሽን ላይ ካነሱት ነገሮች አንዱ ያ አንቺን የሰለቸሽ ክኒን ነው።

የአዋቂ ውጤት እስከ ልጆቹ አይደርስም፣ ይህን አልደብቅሽም፤ ዕድሜና የካንሰር ሕዋሳቱ የዘረ መል (ጂን) ዓይነት ይለያዩታል። ያንቺን የሚያውቀው ሐኪምሽ ነው። ስለዚህ ስትሄጂ ይዘሽው የምትገቢ ጥያቄ ልስጥሽ። ከማይክሮስኮፑ አልፎ ከአስር ሺህ ሕዋስ ውስጥ አንዷን፣ አንዳንዴም ከዚያ በጣም ያነሰውን የሚያገኝ ምርመራ አለ። «በዓይን የማይታይ ቅሪት ይኑርብኝ አይኑርብኝ ታይቷል ወይ? ውጤቱ ምን አለ?» ብለሽ ጠይቂው። «አልተገኘም» ካለሽ እጅግ ጥሩ ዜና ነው፣ ደስ ይበልሽ። ቀጥለሽ ደግሞ «ዳነች የምትሉት መቼ ነው?» በዪው። ይህ በሽታ ካገረሸ ብዙውን ጊዜ የሚያገረሸው በመጀመሪያዎቹ ሁለት ሦስት ዓመታት ነው፤ አምስት ዓመት ያለ ግርሻ ካለፈ ሐኪሞች ያንን ቃል ለመናገር ይደፍራሉ። ወሩንና ዓመቱን ማወቅ ለአንዳንዱ ሰው ጭንቀት ነው፣ ለአንዳንዱ ደግሞ ምርኩዝ። አንቺ የቱ ነሽ? ማወቅ የማትፈልጊው ነገር ካለም «ይህን አሁን አትንገረኝ» ማለት ትችያለሽ።

ስለ እንቅልፍሽ። የምርመራ ሰሞን ጭንቀት በሪሚሽን ውስጥ ያለ ሰው ሁሉ ማለት ይቻላል የሚያውቀው ነገር ነው፣ የእምነት ማነስም ምስጋና ቢስነትም አይደለም። ባለፈው የሆነብሽን ሰውነትሽ አልረሳውም። ከሁሉ የከፋው ግን ከምርመራው ይልቅ ውጤት የሚጠበቅበት ጊዜ ነው፣ ስለዚህ እሱን ለማሳጠር ሞክሪ። ናሙናው ሲወሰድ «ውጤቱ በየትኛው ቀን ይደርሳል? ማን ይነግረኛል?» ብለሽ ሳትጠይቂ አትውጪ። ያን ሳምንት ማታ ማታ አብሮሽ የሚሆን፣ «አይዞሽ ምንም የለም» ብሎ አፍሽን የማይዘጋ አንድ ሰው ይኑርሽ። ከምርመራ ሰሞን ውጪም እንቅልፍ እንቢ ካለሽ የሥነ ልቦና ባለሙያ እንዲያገናኙሽ የሕክምና ቡድንሽን ጠይቂ፣ የሕክምናው አንድ ክፍል ነው። ደግሞም የትኛው ምልክት እንደሚያስፈራ ካወቅሽ እያንዳንዱ ራስ ምታት ግርሻ አይመስልሽም። በዚህ መድኃኒት ላይ እያለሽ ትኩሳትሽ 38 ዲግሪና ከዚያ በላይ ከሆነ ሌሊትም ቢሆን ወዲያው መደወል ነው፤ ያለ ምክንያት መበለዝ፣ የማይቆም መድማት፣ ትንፋሽ ማጠርም እንደዚያው። የቀረውን ለቀጠሮው ማስታወሻ ላይ ጻፊውና ቀንሽን ኑሪ።

ባለቤትሽ «ለምን ትመረዣለሽ» ሲል ጨክኖ አይመስለኝም። ያ ሰው በበሩ ላይ ቆሞ ሲጠብቅ የነበረ ሰው ነው። «ዳነች» ብሎ የደወለው ለሌሎች ብቻ ሳይሆን ለራሱም ጭምር ነው፣ አሁን ያንን ቃል መልሰሽ ብትወስጂበት ምን ይቀረዋል? አንቺ ልታስረጂው አትሞክሪ፣ ቤት ውስጥ ወደ ክርክር ይሄዳል። በሚቀጥለው ቀጠሮ ከበሩ ውጪ አይቁም፣ አብሮሽ ይግባ። «ከዳነች ለምን ትወስዳለች?» የሚለውን ጥያቄ እሱ ራሱ ሐኪሙን ይጠይቀው። ጥሩ ጥያቄ ነው። ከዚያ በኋላ የማታውን ክኒን አንድ ላይ የምታስታውሱት ነገር አድርጉት፤ እሱ ውሃውን ቢያቀርብልሽ እንኳ ትልቅ ነገር ነው።

እናትሽን ግን ለመለወጥ ብዙ አትድከሚ። «አታሟርቺ» የምትልሽ ፍርሃቷን የምትይዝበት ሌላ መንገድ ስለሌላት ነው፣ ልጇን ልታጣ ነበር እኮ። ከእሷ ጋር ስለ ግርሻ ማውራት የግድ አይደለም። ዝም ብለሽ አጠገቧ ተቀመጪ። የሚያስፈራሽን የምትነግሪው ሌላ ሰው ፈልጊ፤ ከእህቶችሽ አንዷ ትሆናለች? በሽታውን ያየ ሌላ ታማሚም ሊሆን ይችላል፤ እንዲህ ያለ ሰው ሲያገኙ «ዳንሽ?» ተብሎ አለመጠየቁ ብቻ እንኳ ያሳርፋል። ሌላው ሰው «እንኳን እግዜር ማረሽ» ሲልሽ ደግሞ አሜን ማለትሽ ውሸት አይደለም። ከዓመት ከመንፈቅ በፊት የነበርሽበትን አስቢ። ምሮሻል። ለሚቀርቡሽ «በሽታው በምርመራ አይታይም፣ እንዳይመለስ እየታከምኩ ነው» ማለት በቂ ነው። ሌላ ማብራሪያ ለማንም ዕዳ የለብሽም።

አሁን ልጅሽ። የ9 ዓመት ልጅ «ይመጣል?» ብላ ስትጠይቅ ብዙውን ጊዜ ከጥያቄው ሥር ሌላ ጥያቄ አለ፤ «ከመጣ ትነግሪኛለሽ? እኔንስ ማን ይይዘኛል?» የሚል። «አይመጣም» ብለሽ አለመማልሽ ጥሩ ሆነ፤ አንደበትሽ ከፍርሃትሽ ይልቅ አስተዋይ ነበር። «ተኚ» የሚለው ግን ብቻዋን አስቀርቷታል፣ ስለዚህ አንቺው ጀምሪላት፣ እንደገና እስክትጠይቅ አትጠብቂ። ማታ ባይሆን ይሻላል፤ አብራችሁ እየሄዳችሁ ወይም እጃችሁ ሥራ ይዞ እያለ። እንዲህ ልትያት ትችያለሽ፦ «ባለፈው ስለ በሽታዬ ጠይቀሽኝ መልስ ሳልሰጥሽ ቀረሁ። ሐኪሞቹ ሲያዩት አሁን አይታይም። እንዳይመለስ ነው ማታ ማታ ክኒን የምውጠው። ይመለስ አይመለስ እርግጠኛ ሆኖ የሚያውቅ ሰው የለም፣ ግን እንዳይመለስ ብዙ ሰው እየሠራ ነው። አንድ ነገር ከተለወጠ ከሌላ ሰው አትሰሚም፣ እኔ ራሴ እነግርሻለሁ።» ከዚያ ዝም በዪ። ልታለቅስ ትችላለች፣ «እሺ» ብላ ወደ ጨዋታዋ ልትሮጥም ትችላለች፤ ሁለቱም ደህና ነው። ስታለቅስ አብረሽ ብታለቅሺም ምንም አይደለም። በሽታው በእሷ ጥፋት እንዳልመጣና ከአንቺ ወደ እሷ እንደማይጋባ ነግረሻት ታውቂያለሽ? ልጆች እንዲህ ያለውን ጥያቄ ለብቻቸው ይዘውት ስለሚኖሩ አብረሽ ንገሪያት።

እንግዲህ ነገ ጠዋት ሥራ ከመግባትሽ በፊት ነርሷ ጋ ደውዪ። ከልጅሽ ጋር ስታወሩ ምን እንዳለችሽ ብትጽፊልኝ ደስ ይለኛል።